የጋሽ ምንችግር አፍ

ስቱዲዮው ውስጥ ሁሉም ሰው «እሜቴ አፍ» ይላታል። ስድብ አይደለም፤ ሥራዋ ነው። ሌሎቹ ሠዓሊዎች እግር ያስኬዳሉ፣ እጅ ያወዛውዛሉ፣ መኪና ያጋጫሉ፤ እሷ ስድስት ዓመት ሙሉ ከአፍ ወጥታ አታውቅም። በካርቱን ሥራ አስቀድሞ ድምፁ ይቀዳል፣ ሥዕሉ ድምፁን ተከትሎ ይሠራል፣ አፍ ሁልጊዜ መጨረሻ ነው። ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ትደፋና ከኮምፒውተሯ ጎን ባቆመቻት ትንሽ መስታወት ፊት ቃሉን እየደጋገመች ትለዋለች፤ የራሷ ከንፈር እንዴት እንደሆነ አይታ፣ ለእያንዳንዱ ድምፅ ከአሥራ አንዱ የአፍ ቅርፆች አንዱን ትመርጣለች። አንዲት የአርባ ዓመት ሴት ብቻዋን መስታወት ላይ አፍጥጣ «ቆጣሪውን አልነካሁም አልኩህ እኮ!» እያለች ስትጮህ ያየ አዲስ ሰው፣ በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ይመለሳል።

አፉ የጋሽ ምንችግር ነው። ጋሽ ምንችግር ሐሙስ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የሚታይ፣ ለአዋቂዎች የተሠራ አስቂኝ ካርቱን ዋና ሰው ነው። የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው፣ ሆዱ ቀበቶውን ያሸነፈ፣ ከቤት ቤት እየዞረ የውሃ ቆጣሪ የሚያነብ። ከሚስቱ፣ ከአማቱና ካደገች ልጁ ጋር ይኖራል። አይበርም፣ ዓለም አያድንም። ይዋሻል፣ ይኩራራል፣ ያጠፋል፤ ጥፋቱ እጅ ከፍንጅ ሲያዝ ደግሞ «ምን ችግር አለው?» ይላል። ስሙንም ያገኘው ከዚያ ነው። ገና በመጀመሪያው ክፍል፣ ልጁ ሳትኖር ጊታሯን አንስቶ ለጎረቤት ሰጠባት። «አቧራ ሲጠጣ ነበር፣ ምን ችግር አለው?» አላት። ይኸው ስድስት ዓመት፣ ይቅርታ አልጠየቃትም። የክፍሏን አምፖል ይቀይርላታል፤ ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዞ ፌርማታው ላይ ይገተርና «በዚህ ሳልፍ ነው» ይላታል። ያቺን ቃል ግን ንክች አያደርጋትም።

እሜቴ አፍ ሰው ይህን ካርቱን ለምን እንደሚወደው ለሚጠይቃትም ለማይጠይቃትም ታብራራለች። በቀልዱ አይደለም ትላለች። ቀልድማ የትም ሞልቷል፣ ስልክ ሲከፈት ይዘንባል። ሰው የሚስቀው ጋሽ ምንችግር አፉን ሳይከፍት ምን ሊል እንደሆነ ስለሚያውቅ ነው። መርጦ ያላመጣው፣ የሚያበሽቀው፣ ሐሙስ ሲደርስ ግን «ዛሬ ደግሞ ምን አጥፍቶ ይሆን?» እያለ የሚጠብቀው ዘመዱ ስለሆነ ነው።

ከጠባቂዎቹ አንዱ የገዛ አባቷ ነው። አባቷ ድሮ የግንባታ ዕቃ መደብር ነበረው፤ ምስማር በኪሎ እየመዘነ፣ በወረቀት እየጠቀለለ ይሸጥ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመቷ ላይ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ የሦስት ዓመት የሥዕል ደብተሮቿን ቅጠል በቅጠል እየገነጠለ ምስማር ሲጠቀልልባቸው ደረሰች። የመጨረሻውን ገዢ ተከትላ መንገድ ድረስ ሮጠች። ሰውየው ደግ ነበር፤ ምስማሩን ኪሱ ገልብጦ ወረቀቷን መለሰላት፤ ሥዕሉ ግን ወንፊት ሆኖ ነበር። አባቷ «ወረቀት አለቀብኝ፤ ሌላ ትስያለሽ» አለ፤ በዚያው ቀረ። ሃያ ሦስት ዓመት ሆነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ ይህን ለካርቱኑ ደራሲ አጫወተችው፤ ደራሲው ወረቀቱን ጊታር አደረገው። አባቷ ይህን አያውቅም፤ እሷ እንደምታስበው ከሆነ።

እናቷ ከሞተች ወዲህ አባትና ልጅ የሚነጋገሩት አልቆባቸው ነበር። ደኅና ነሽ፣ ደኅና ነኝ፣ በይ ቻው። ካርቱኑ ከመጣ በኋላ ግን ሐሙስ ማታ፣ ልክ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲል፣ ስልኳ ይጠራል።

«አየሁት ያንን ደንቆሮ» ይላል አባቷ፤ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ምን አደረገ ደግሞ?»

«ምን ትጠይቂኛለሽ? አንቺ አይደለሽም እንዴ የሠራሽው? መጨረሻ ላይ ስማችሁንስ እንዲያ በጥድፊያ የሚያሳልፉት ምን ሊያመልጣቸው ነው? መነጽሬን እስካደርግ ያልፋል!»

ሃያ ደቂቃ ያህል ጋሽ ምንችግርን ያማሉ። ስለ ሌላ ነገር አያወሩም። በሳምንት ሃያ ደቂቃ አባት አላት ማለት ነው፤ እሱን ደግሞ ለማንም አሳልፋ አትሰጥም።

ታዲያ አንድ ሰኞ ጠዋት የጣቢያው አዲስ የፕሮግራም ኃላፊ መጣና ሁሉንም ሰብስቦ፣ «ወገኖቼ፣ ሰው ሰልችቶታል» አለ። ሸሚዙ ከመተኮሱ ብዛት ያንፀባርቃል። «ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው አይማርም? አይለወጥም? በዚህ ምዕራፍ መጨረሻ ልጁን ይቅርታ ይጠይቃታል። ሙዚቃ ገብቶበት።»

ደራሲው ኮርኒሱን አየ። ለጋሽ ምንችግር ድምፁን የሚሰጠው ተዋናይ፣ ሲያዩት እንደ ሸንበቆ የቀጠነ ሰውዬ፣ ጉሮሮውን ጠረገና ተወው። ሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ ሲል እሜቴ አፍ አላስቻላትም።

«ይቅርታ ከጠየቀማ አለቀ» አለች። «ሰው የሚመጣው ዛሬ ይላት ይሆን እያለ ነው። ካላት በኋላ ምን ብሎ ይመጣል?»

«እህቴ፣ አንቺ የምን ክፍል ነሽ?»

«የአፍ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ኃላፊውም ሳቀ። «እንግዲያው አፉን ሥሪልን፤ ቃሉን ለእኛ ተይልን።»

ደሟ ፈላ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያ ሰውዬ በእሷ ከንፈር ሲናገር ኖሮ፣ ዛሬ ምን አገባሽ ተባለች።

ድምፁ ተቀዳ። ኃላፊው ልቅሶ ይጨመርበት ቢል፣ ተዋናዩ «እኔ ይህን ሰው በጉሮሮዬ ነው ያሳደግኩት፤ አያለቅስም» ብሎ ቃሉን አንዴ፣ ደረቅ አድርጎ ተናገረና ኮቱን አንስቶ ወጣ። ሥዕሉ ተሠርቶ እሷ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ክፍሉ ሊታይ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ኩሽናው አለ፣ ልጅቷ ዕቃ ታጥባለች፣ ጋሽ ምንችግር በሩ ላይ ቆሟል። አፉ ብቻ ጎድሏል።

እሜቴ አፍ ብዙ አላሰበችበትም። ከአሥራ አንዱ ቅርፆች ቁጥር አንድን፣ ግጥም ብሎ የተዘጋውን፣ ከቃሉ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ለጠፈችበት። ድምፁ «ይቅርታ» ይላል፤ አፉ አይነቃነቅም። በልቡ ብሎታል፣ ካፉ ግን አልወጣለትም። መልሳ አየችውና አንጀቷ ራሰ። በስድስት ዓመት እንደዚህ ያለ አፍ አልሠራችም።

ኃላፊው ከሰዓት መጥቶ ከኋላዋ ቆመ። «ይሄ ተበላሽቷል፤ አፉ አይሠራም።»

«አልተበላሸም። እንደዚያ ነው።»

ይቆጣል ብላ ስትጠብቅ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ያ ይበልጥ አናደዳት። «ከራሴ ያመጣሁት እንዳይመስልሽ» አለና ስልኩን አወጣ። «የተመልካች አስተያየት የሚቀዳበት መስመር አለን አይደል? ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ሐሙስ ሐሙስ ፕሮግራሙ ካለቀ በኋላ አንድ ሽማግሌ ይደውላል። ስሙን አይናገርም። መስመሩን የሚከታተሉት ልጆች የሐሙሱ አባባ ነው የሚሉት። እስቲ ስሚው።»

ተጫነው።

«ሃሎ። ዛሬም አልጠየቃትም» አለ ድምፁ። «ምን እስኪሆን ነው የምትጠብቁት? ልጅቷ እኮ ትልቅ ሰው ሆነች። የደከመችበትን ነው የወሰደባት። ለእሱ ወረቀት ነው፣ ለእሷ ግን…» ሳል ያዘው። «ጊታር ማለቴ ነው። ጊታር። ስማ፣ እሱ ራሱ አይልላችሁም። አንዴ ጊዜው ካለፈ አንደበት እምቢ ይላል፣ አውቀዋለሁ። እናንተ ጻፉለት። ከጻፋችሁለት ይላል። ሃሎ? አለህ?»

ከዚያ የማሽኑ ጢጥ የሚል ድምፅ።

እሜቴ አፍ መስታወቷን አየች። መስታወቷ ውስጥ ቁጥር አንድ ነበር፤ ግጥም ብሎ የተዘጋው።

አባቷ ነው። ከእሷ ጋር ሃያ ደቂቃ ደንቆሮውን አምቶ፣ ስልኩን ዘግቶ፣ ሌላ ቁጥር ይደውላል። ሆዷ ባባ ቢባል ደስ ይል ነበር፤ መጀመሪያ የመጣው ግን ንዴት ነው። ለማሽን! ለእሷ ሃያ ሦስት ዓመት እምቢ ያለው አንደበት፣ ለማሽን እንዲያ ይፈታል! ልጁ የስልኩ ወዲያኛው ጫፍ ላይ ናት፣ ዕቃ አታጥብም፣ ካርቱን አይደለችም፣ በየሳምንቱ ሃያ ደቂቃ ጆሮዋን ሰጥታው ተቀምጣለች። እሱ ግን የማያውቃቸውን ሰዎች ጻፉልኝ ብሎ ይለምናል።

«አየሽ?» አለ ኃላፊው። «እስከ ማታ አስተካክይው። ከከበደሽ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ።»

«ሌላ ሰው አይነካውም» አለች። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

ብቻዋን ስትቀር ማዳመጫዋን ደፋች። ይቅርታን ለመሥራት አስቸጋሪው ነገር አፍ ብዙ አለመከፈቱ ነው። ይ ስትል ጥርስና ጥርስ ሊነካካ ነው፤ ቅ ጉሮሮ ውስጥ ያልቃል፤ ር ላይ ምላስ ትንሽ ይነቃነቃል፤ ታ ላይ ብቻ፣ መጨረሻ ላይ፣ አፍ ይከፈታል። ጥርሷን ነክሳ ጀመረች። መስታወቱ ላይ ይቅርታ አለች። አልሆነም፤ ፈጠነ። ይቅርታ። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፤ ካርቱን ላይ የሚንቀጠቀጥ ከንፈር የለም። ይቅርታ። ሠላሳ አራት ጊዜ አለችው። አለቅሳለሁ ብላ ፈርታ ነበር፤ አላለቀሰችም፤ ይልቅ ሃያኛው ላይ መስታወቱን ልትወረውረው ምንም አልቀራት። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ጋሽ ምንችግር አፉን ከፍቶ፣ ቃሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተናገረ።

ሐሙስ ክፍሉ ታየ። እሷም ከሶፋዋ ሳትነሳ አየችው። ልጅቷ ውሃውን ዘጋች፤ ጋሽ ምንችግር ይቅርታ አለ፤ የኃላፊው ሙዚቃ ገባ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ፤ ስልኳ አልጠራም። ሁለት ከአርባ ሆነ። ልብሷን እንደ ማጠፍ አለች፣ ተወችው። ለሦስት ሩብ ጉዳይ ሲል ጠራ።

«አየሽው?» አለ አባቷ። ዛሬ ደንቆሮ የለም።

«አየሁት።»

«አላት አይደል?»

«አላት፣ አባዬ።»

ትንፋሹ ይሰማታል። አሁን፣ አለች በልቧ፤ አሁን ይለዋል። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ጭምቅ አድርጋ ያዘች። ሳታውቀው ከንፈሯ የ«ይ»ን ቅርፅ ይዞ ነበር፤ ቃሉን ልታቀብለው የተዘጋጀች ትመስል ነበር።

«ጥሩ ነው» አለ አባቷ። «በቃ፣ እፎይ አልኩ። ቅልል አለኝ። በይ ደኅና እደሪ።»

ተዘጋ።

ስልኩን አየችው። አንድ ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሴኮንድ ይላል። ስብሰባው ላይ ያለችው ልክ ነበር፤ ይቅርታ ከጠየቀ አለቀ። የሚቀጥለው ሐሙስ ምን ብሎ ይደውላል? እሱ ዕዳውን የከፈለ መስሎት ሊተኛ ነው፤ ያንን ቃል ግን መስታወት ፊት ተቀምጣ፣ ድምፅ በድምፅ፣ ሠላሳ አራት ጊዜ የሠራችው እሷ ናት። ጠያቂዋም እሷ፣ ተጠያቂዋም እሷ። አባቷ አንዲት ፊደል አልተነፈሰም።

አይሆንም፣ አለች፤ ጮክ ብላ ነው ያለችው። ዛሬ ትነግረዋለች። አባዬ፣ ያ አፍ የእኔ ነው፣ ያንተን ስጠኝ ትለዋለች። ቢቆጣም ይቆጣ። መልሳ ደወለች።

«የደወሉለት መስመር ተይዟል» አለቻት የስልኳ ሴትዮ።

ጣቷ እንደገና ቁጥሩ ላይ ሄዶ ቆመ። ሐሙስ ነው። ፕሮግራሙ አልቋል። ለማን እየደወለ እንደሆነ ታውቃለች፤ ማሽኑን እያመሰገነ ነው።

እንደገና ደወለች። ተይዟል።