የአባዬ ተሳፋሪዎች

ሆስፒታል የማጸዳ ሴት ነኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ የቀዶ ሕክምና ክፍል ወለል ስፈትግ ስለኖርኩ፣ አንዲት ዝንብ ካየሁ እጄ ሳላዘው በረኪና ያነሳል። በጥፋቴ የሚፈርድ ይህን አውቆ ይፍረድ።

አባቴ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ እኔ ጋ መጥቶ ቢቀመጥም፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል፤ በቀን ሁለት ቃል ከተናገረ ብዙ ነው። እሱንም ልቀብር ነው እያልኩ በሆዴ እፈራ ነበር። ከአልጋው ያስነሳው ቆሻሻ ነው ብል ማን ያምነኛል? አንድ ቀን የድንች ልጣጭ ልደፋ ስል "ተይው፣ አፈር ይሆናል" አለኝ። ከጓሮ አሮጌ በርሜል ፈልጎ ግርጌውን በሳሳና ወጥ ቤቱ በር አጠገብ አቁሞ ልጣጩን፣ የእንቁላል ቅርፊቱን፣ የደረቀ ቅጠሉን ያጠራቅምበት ጀመር።

በወሩ በርሜሉ ነፍስ ዘራ። የምድር ትሉ፣ ጢንዚዛው፣ ሲነኩት እንደ ኳስ የሚጠቀለለው ግራጫ ነገር፣ ሁሉም ገባበት። አባዬ "ተሳፋሪዎቼ" ይላቸዋል። ላይ ታች የሚራወጠውን መቶ እግር ደግሞ ትኬት ቆራጭ አድርጎ ሾመው። እራት ላይ "ዛሬ ሞልተን ነው የዋልነው" ሲለኝ፣ ቢያንገሸግሸኝም ደስ ይለኝ ነበር።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ አባዬ ከምሳ በኋላ ጋደም እንዳለ፣ ነጫጭ እጮች ከበርሜሉ ወጥተው በወጥ ቤቱ ግድግዳ ሲርመሰመሱ አየሁ። ደሜ ፈላ። በረኪናውን እላያቸው ላይ ደፋሁት፤ በርሜሉንም አልማርኩት።

አባዬ ሲነሳ ሽታው ነገረው። ክዳኑን አንስቶ አየና መልሶ ከደነው። ቢሰድበኝ በወደድኩ። "አለቁ" ብሎ ብቻ ገብቶ ተኛ። ሦስት ቀን ሙሉ ከግድግዳው አልዞረም፤ ምግቡንም ነካ አድርጎ ይተወዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ግን የምለቅመው እንኳ አጣሁ።

በአራተኛው ቀን፣ በእረፍት ሰዓቴ፣ የሆስፒታሉን አትክልተኛ አስፈቅጄ ከአጥሩ ሥር የተከመረውን የበሰበሰ ቅጠል መገልበጥ ጀመርኩ።

"እህቴ፣ ወርቅ ጠፍቶሽ ነው?" አለኝ።

"ትል ነው የምፈልገው።"

"እሱማ ሞልቷል፤ ምን ቸገረሽ" ብሎ በአካፋው ገለጠልኝ። ጓንት አጥልቄ፣ ፊቴን አዙሬ እየለቀምኩ የምሳ ዕቃዬን ሞላሁት።

ቤት ስደርስ በርሜሉን ደፍቼ ደጋግሜ አጠብኩት፤ አዲስ ቅጠልና ልጣጭም ጨመርኩበት። ከዚያ የምሳ ዕቃውን ይዤ አባዬ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

"አባዬ፣ ተሳፋሪ ይዤልህ መጥቻለሁ።"

እንዲያይ ብዬ ክዳኑን ስከፍት አንድ ትልቅ ጢንዚዛ ሹልክ ብሎ እጅጌዬ ላይ ወጣ። የያዝኩትን ሁሉ አንሶላው ላይ በትኜ ወንበር ላይ ዘልዬ ወጣሁ።

"አባዬ፣ ድረስልኝ!"

ተነስቶ ተቀመጠ። ጢንዚዛውን ከእጅጌዬ ላይ በጣቱ አነሳ፤ ከዚያ ትሎቹን ከአንሶላው ላይ አንድ በአንድ ለቅሞ ወደ ዕቃው መለሳቸው። ሲጨርስ ቀና ብሎ አየኝ።

"እናትሽም እንዲህ ወንበር ላይ ትወጣ ነበር" አለ። ከቀብሯ ወዲህ ስለ እሷ ሲያወራ የመጀመሪያው ነው። "ግን በረኪና አታነሳም። እኔን ነበር የምትጠራኝ።"

እንባዬ መጣ። "ከእንግዲህ እኔም እጠራሃለሁ" አልኩት።

"በይ ውረጂና ጫማዬን አቀብይኝ" አለኝ።