የአጥብቄ እጅ

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ቧንቧ ሠራተኛው የነካውን ሁሉ አጥብቆ መዝጋት አመሉ ነበር። የማር ጠርሙስ፣ የዘይት ክዳን፣ ከሁሉም በላይ ግን ያቺን ምድጃ ላይ የምትጣድ የቡና ማፍያ። ውሃው ከታች፣ የተፈጨው ቡና መሐል፣ የፈላው የሚወጣበት ከላይ፤ ታችና ላዩ እየተጠመዘዘ ይገጠማል። እሱ አንዴ ካጠበቃት ሚስቱ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ በፎጣ ይዛ ብትታገል፣ በጉልበቶቿ መሐል አጣብቃ ብትጠመዝዛት፣ ወይ ፍንክች!

«የሰው ቤት ቧንቧ መሰለችህ እንዴ?» ትለዋለች።

«ያልጠበቀ ነገር ያፈሳል» ይላታል እየሳቀ። ሰፈሩ የወጣለትን ስም ትቶ «አጥብቄ» ሲለው የኖረው በከንቱ አልነበረም።

እሱ ከሞተ ወዲህ ራሷ ትገጥማት ጀመር። መርፌ ሲይዝ የኖረ እጅ ምን አቅም አለው? ማፍያዋ እየተንፈቀፈቀች በጎኗ ታፈሳለች፣ ምድጃው በቡና ይጨማለቃል፣ ልብስ ሰፊዋም እያለቀሰች ትወለውላለች።

በሦስተኛው ወር አንድ ጠዋት ማፍያዋን ጥዳ ወደ ስፌት መኪናዋ ዞረች። ኮሌታ ገጥማ ስትመለስ ምድጃው ደረቅ ነው። ጠብታ የለም። ቡናው ከላይ ሞልቶ ይጠብቃታል። ጠጥታ ስታበቃ ልታጥባት ብትል አልከፈት አለቻት። ክው አለች። በባሏ መፍቻ ታግላ ከፈተቻትና ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ፊቷ ፈገግ ብሏል።

ከዚያ በኋላ ሆን ብላ አላልታ ትጥዳታለች። ዓይኗን ከተከለችባት ታፈሳለች፤ ጀርባዋን ስትሰጣት ግን ማፍያዋ ጥብቅ ትላለች። ልብስ ሰፊዋ ለማንም አልተነፈሰችም፤ ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች። ከማፍያዋ ጋር ስታወራ ግን ጎረቤት ሰማ፣ ወሬውም ልጇ ጆሮ ደረሰ።

«እማዬ፣ ብቻሽን ማውራት ጀመርሽ አሉኝ» አለች ልጇ መጥታ። «ቤቱ ይከራይ፣ አንቺ እኔ ጋ ትኖሪያለሽ። አበቃ።»

የልብስ ሰፊዋ ጭንቀት አንድ ብቻ ነበር፤ ባሏ ትታኝ ሄደች እንዳይላት። ቆይታ ግን መላ መታች። እሱ ያለው ማፍያዋ ላይ ነው፤ ማፍያዋ ካለች እሱም አለ። በሥራ ሸሚዙ ጠቅልላ፣ መንገዱን ሙሉ ጭኗ ላይ አድርጋ ወሰደቻት።

ልጇ ቤት በመጀመሪያው ጠዋት ጥዳት ጀርባዋን ሰጠች። ማፍያዋ አፈሰሰች። በማግስቱም አፈሰሰች። ልጇ «የመግጠሚያዋ ጎማ አርጅቶ ነው» ብላ አዲስ ጎማ ገዛችላት፤ ምንም ለውጥ የለም። ልብስ ሰፊዋ እህል አልወርድ አላት።

በዘጠነኛው ቀን ረፋድ ላይ ቤቱን የተከራየው አስተማሪ ደወለ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የቤቱ ቁልፍ ያለው ሌላ ሰው አለ እንዴ?»

«የለም። ምነው?»

«ቧንቧዎቹን መክፈት አቃተን። የኩሽናውንም፣ የመታጠቢያ ቤቱንም፣ የግቢውንም። ትናንት ባለሙያ አስከፈትኩ፤ ጠዋት ስንነሳ ሁሉም ተመልሰው ጠብቀዋል። ባለሙያው ‹ይሄ የሰው ጉልበት አይደለም› ብሎኝ ሄደ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አሁን ደግሞ የውጪው በር አልከፈት ብሎን ከነሚስቴ ቤት ውስጥ ነን።»

ነገሩ ለልብስ ሰፊዋ ያኔ ገባት። ማፍያዋን ይዛ እሱን ያመጣች መስሏት ነበር፤ ለካስ ብቻውን ጥላው ኖሯል የመጣችው። እሷ ወጥታበት፣ አሁን ቤት የቀረው ሰው እንዳይወጣበት እየዘጋ ነው።

«ልጄ፣ ስማኝ» አለችው። «በሩን አትታገል። ኩሽና ግባና ድምፅህን ከፍ አድርገህ ‹እየመጣች ነው› በል።»

«ለማን?»

«ዝም ብለህ በል።»

የእርምጃ ድምፅ ተሰማ። ቀጥሎ አስተማሪው፣ እንደማፈር ብሎ፣ ባዶ ኩሽና ውስጥ «እየመጣች ነው» ሲል ሰማችው።

ከስልኩ ወዲያ መጀመሪያ አንድ ቧንቧ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሁሉም ውሃ ማውረድ ጀመሩ። ልብስ ሰፊዋ ስልኩን ሳትዘጋ ጫማዋን አደረገች።