ቅኔ ሲዘረፍ አይዋጥም

እሁድ ከቀትር በኋላ በከተማችን ባህል አዳራሽ በታየው ፊልም ላይ፣ ገጣሚው ልሳነወርቅ ጥሩነህ በመርሐ ግብሩ መሠረት አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ መሞት ሲገባው አልሞተም።

ፊልሙ የሕይወት ታሪኩ ነው። መጠጡ፣ ከሥራ መባረሩ፣ ከኪራይ ቤት ኪራይ ቤት መንከራተቱ፣ ሁሉም በቅደም ተከተል አለ። ልሳነወርቅ ከሞተ ሠላሳ አንድ ዓመት ቢሆነውም የተወነው ራሱ ነው። ከእሱ ይበልጥ እሱን የሚመስል ሰው ስላልተገኘ በዚህ ማንም ቅር አልተሰኘም። በየክፍሉ መካከል ፊልሙ ይቆምና የከተማው ገጣሚያን እየወጡ ያነባሉ። አደራ፣ አንድ አንድ ግጥም ብቻ ተብለዋል።

እህቱ ወይዘሮ የሻረግ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ነበር። የመጨረሻው ክፍል ሲጀምር ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ልሳነወርቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ መርዙን ብርጭቆ ውስጥ ጨመረ፤ በጣቱ አማሰለው፤ አነሳው።

የእንስሳት ሐኪሙ አቶ ጥጋቡ ተራቸው የደረሰ መስሏቸው መድረክ ላይ የወጡት ይኼኔ ነው። ፊልሙ እየሄደ ስለ ፍየሎች ቅንነት የጻፉትን ማንበብ ጀመሩ። ልሳነወርቅ ብርጭቆውን አስቀምጦ ያዳምጥ ጀመር።

ነገሩ ለወይዘሮ የሻረግ ወዲያው ገባቸው። አባታቸው የቅኔ መምህር ነበሩ። በእነሱ ቤት ቅኔ ሲዘረፍ እንኳን መጠጥ ምራቅም አይዋጥም፤ የዋጠ ልጅ አለንጋ ይቀምሳል። ልሳነወርቅ ሁሉን ነገር ሲተው ይህችን ብቻ አልተወም።

"ይድገሙልን!" አሉ ወይዘሮ የሻረግ።

በዕድሜያቸው እንዲህ ተብለው የማያውቁት አቶ ጥጋቡ ሦስት ጊዜ ደገሙ። በሁለተኛው ላይ ልሳነወርቅ ፊቱን አጨማደደ፤ ብርጭቆውን ግን አልነካም። ከዚያ ሌሎቹ ተከተሉ። አንድ አንድ መባሉን ያስታወሰ አልነበረም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የመድረክ መሪው ምንያህል ጎንበስ ብሎ መጣ።

"እማማ፣ ፊልሙ ይጨረስ እንጂ። የክብር እንግዳችን የመዝጊያ ንግግር አላቸው።"

"ይጨረስ? ወንድሜ ይሙት ነው የምትለኝ?"

"ሞታቸው እኮ መርሐ ግብሩ ላይ አለ፣ እማማ። ታትሟል።"

የክብር እንግዳው ድምፅ ማጉያውን ተቀበሉ። "በቅድሚያ..." ከማለታቸው ልሳነወርቅ ብርጭቆውን አነሳ።

"ንግግር አይሆንም!" ብለው ጮኹ ወይዘሮ የሻረግ። "ግጥም የለዎትም?"

ለካ በኪሳቸው ነበራቸው፤ አሥራ አንድ ገጽ። ልሳነወርቅ ብርጭቆውን መልሶ ሁለት ጊዜ አዛጋ። የክብር እንግዳ ግጥም መሆኑን ማን ነገረው!

በመጨረሻ ግጥም አለቀ። ከታዳሚው ሁሉ ግጥም ሳይዙ የመጡት ወይዘሮ የሻረግ ብቻ ነበሩ። በሕይወታቸው አንድ ስንኝ ቋጥረው አያውቁም። የልሳነወርቅ እጅ ወደ ብርጭቆው ሄደ። ወይዘሮ የሻረግ ተነስተው መድረኩ ላይ ወጡ።

"ልሳኑ" አሉት። "የዚያን ቀን ግጥም ላንብብልሽ ብለህ ስትመጣ፣ ልብስ እያጠብኩ ነው፣ ነገ አልኩህ። በነጋታው አልመጣህም።"

ልሳነወርቅ ብርጭቆውን ከከንፈሩ አራቀ።

"አሁን አጥቤ ጨርሻለሁ። አንብብልኝ።"

ብርጭቆውን መስኮቱ ላይ አስቀመጠው። ከደረት ኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ዘረጋና ማንበብ ጀመረ።

ሰኞ ጠዋት የአዳራሹ ጥበቃ ጋሽ በዳዳ ዳቦ እየገመጡ በሩን ከፈቱ። ልሳነወርቅ ገና ያነባል። መስኮቱ ላይ ያለው ብርጭቆ ውስጥ ዝንብ ገብቷል። የክብር እንግዳው የውሃ ጠርሙስ ወደ አፋቸው እንዳስጠጉ ናቸው። ምንያህል የታተመውን መርሐ ግብር እንደያዘ ነው። ወይዘሮ የሻረግ አንጋጠው ቆመዋል፤ ጉሮሯቸው አይንቀሳቀስም።

ጋሽ በዳዳ ባርኔጣቸውን አወለቁ። በሩ ላይ፣ ጉንጫቸው ዳቦ እንደሞላ ቀሩ።