የእትዬ አፀደ ተረከዝ

ባቡሩ ሮመን ጣቢያ ላይ ቆሞ በሩን አልዘጋ ሲል ልጮህ ምንም አልቀረኝ። እሑድ ነው። አክስቴ አፀደ ስቶቭነር ባለው ቸርቻችን መድረክ ላይ ወጥታ ዳንኩ ብላ ልትመሰክር ነው፤ የምትመሰክረውም ከእኔ አፍ በወጣ ስህተት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩኒቨርሲቲ የምሠራው የቆዳ ካንሰር ጥናት ላይ ነው፤ የብዙ ሕሙማንን ጂን በኮምፒዩተር እያበጠርኩ የትኞቹ ዕድሜ እንደሚያሳጥሩ፣ የትኞቹ ተስፋ እንደሚሰጡ እፈልጋለሁ። አክስቴ ከተረከዟ ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ተቆርጦ ወጣላት። የዕጢዋ የጂን ውጤት ሲደርሳት፣ "ያንቺ ኮምፒዩተር ስለኔ ምን ይላል?" እያለች ቁም ስቅሌን አሳየችኝ። አስገባሁት። ጥሩ ነው አለ። አፌን ሰብስቤ ብቀመጥ ምን ነበረበት! "ድነሻል እትዬ" አልኳት። በእኛ ቤት ለታማሚ ክፉ አይነገርም፤ ደግ ደጉን ለማውራት ማን እንደ እኛ!

ዛሬ ጠዋት ግን አንድ ነገር ከነከነኝና ዳታውን መልሼ ከፈትኩት። ናሙናዎቹ ከሞላ ጎደል ፀሐይ ያቃጠለው የፈረንጅ ቆዳ ናቸው። ከውስጥ እግር የመጡ ጥቂት ነበሩ፤ እነሱንም "ቁጥራቸው አይረባም" ብዬ ራሴ አውጥቼ ጥያቸዋለሁ። የኛ ሰው ሜላኖማ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚወጣው እዚያው ውስጥ እግርና ተረከዝ ላይ ነው። ወይ እኔ! ብደውል ብደውል ስልኳ ዝግ ነው።

እየሮጥኩ ስገባ ማይኩን ይዛለች። "ነገ ሆስፒታል ቀጠሮ ነበረኝ፤ አልሄድም! ልጄ ሔርሜላ በኮምፒዩተር አይታ ድነሻል ብላኛለች!"

"ሃሌሉያ!" አለ ሕዝቡ፤ እልልታው ቀለጠ።

"ኔይ! አይሆንም!" አልኩ ከበሩ ላይ። "እትዬ፣ ተሳስቻለሁ። ያየሁት የሌላ ሰው ቆዳ ነው። የኔ ኮምፒዩተር ያንቺን እግር አያውቀውም።"

ከኋላ አንዱ፣ "በኢየሱስ ስም! ምን ዓይነት ሟርት ነው?" ሲል ሰማሁት። አክስቴ ማይኩን ለፓስተሩ ሰጥታ፣ እያነከሰች መጥታ እጄን ያዘችኝ። እጇ በረዶ ሆኗል።

"እሞታለሁ?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"አላውቅም።"

እጄን አጥብቃ ጨበጠች። "ነገ አብረሽኝ ትሄጃለሽ" አለች። "ዶክተሩ የሚለውን ስታስተረጉሚልኝ ግን፣ እንደ ልማዳችሁ ደግ ደጉን ብቻ እንዳትነግሪኝ። ክፉውንም ሳትቀንሺ ንገሪኝ።"