የሊካስ ሁለተኛ ልደት

ጭጋጉ ገና ከባሕሩ ላይ አልተነሣም። ሊካስ ዓሣ አጥማጆቹ ካወረዱት ቦታ እስከ ቤቱ ድረስ እየረገጠ ይሂድ እየተንሳፈፈ አላወቀም። የተሳፈረባት መርከብ ተሰብራ፣ በባዕድ አገር ተሸጦ ድንጋይ ሲፈልጥ በኖረባቸው ዓመታት ይህን ዳገት በሕልሙ ስንቴ ወጥቶታል። አሁን በእውን ሲወጣው ከሕልሙ ይልቅ ሕልም ሆነበት። የወይራ ዛፎቹ አርጅተዋል፤ በሩ ግን ያው በር ነው።

ከሕልሙ ያባነኑት እማማ ፊሊና ናቸው። የደሴቲቱ አዋላጅ ናቸው፤ እሱንም ያዋለዱት እሳቸው ናቸው። ከዘራቸውን ደረቱ ላይ አጋደሙና፣

"ወዴት ወዴት!" አሉት።

"ቤቴ ነዋ፣ እማማ! ሊካስ ነኝ እኮ!"

"መሆንህን መች አጣሁት? ይሄ የተንጋደደ ጆሮ የማን ሊሆን ነው! ግን አልቅሰን ቀብረንሃል። ባዶ መቃብር ሠርተን፣ ወይን አፍስሰን፣ ፀጉራችንን ቆርጠን። እንዲህ የተደረገለት ሰው እንደ ሕፃን ታጥቦና ተጠቅልሎ ዳግም ካልተወለደ ደጃፍ አይረግጥም። ወጉን ታውቃለህ።"

"ታዲያ ልወለዳ!"

"ከማን? እናትህ እንደሆነች አርፋለች።"

ሚስቱ ምናሲላ በሩ ውስጥ ቆማለች፤ ፀጉሯ ሸብቷል። እጇን ልትዘረጋለት ስትል ከዘራው ወደ እሷ ዞረ።

"አንቺ እንዳትነኪው! አጥበሽ ከጠቀለልሽው እናቱ ነሽ፤ ከዚያ ወዲያ ባሌ ማለት የለም።"

ምናሲላ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ወላጅ ካልተገኘለት ሊካስ ወደ ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባ መመለሱ ነው። ያን ሁሉ ባሕር የተሻገረው ለዚህ ነበር እንዴ?

"እኔ እወልደዋለሁ።"

ልጁ ኒሳ ናት። ጡት ስትጠባ ነበር ትቷት የሄደው፤ አሁን ቁመቷ ከእናቷ ትከሻ ደርሷል። አስተያየቷ ግን የናፍቆት አልነበረም። በየዓመቱ ወተትና ማር እየወሰደች ከመቃብሩ ጋር ስታወራ ያደገች ልጅ ናት፤ ያኛው አባቷ ዝም ብሎ ያዳምጣታል። ይሄኛው ጺማም እንግዳ ነው።

"ባለፈው ዓመት መቃብርህ ላይ ምን አልኩህ?" አለችው።

ሊካስ መዋሸት አማረው። "አልሰማሁም፣ ልጄ።"

"ልጄ አትበለኝ። ገና አልተወለድክም።"

ገንዳ ቀረበ፤ ጎረቤት ሴቶች ተሰበሰቡ። ኒሳ ለብ ባለ ውሃ አጠበችው። ጀርባው ላይ ካለው የጅራፍ ጠባሳ ስትደርስ እጇ ዘገየ። ከዚያ በነጭ ጨርቅ ከእግሩ እስከ አንገቱ ጠቀለለችው። ሊካስ ዓይኑን ጨፈነ። ማዕበሉም፣ ገበያው ላይ መሸጡም፣ ድንጋዩም በሌላ ሰው ላይ የደረሱ መሰሉት።

"በል አልቅስ እንግዲህ" አሉ እማማ ፊሊና። "ያላለቀሰ ሕፃን አልተወለደም።"

ልቡ ሞልቷል፤ እንባው ግን እምቢ አለ። ሲገርፉት ላያለቅስ የማለ ሰው ነው፤ ያ መሐላ አሁንም አልለቀቀውም።

"ያኔም ዘቅዝቄ እስክመታህ አልጮህክም! አሁን ደግሞ ይሄን ግንድ ማን ይዘቅዝቀው?"

ሴቶቹ ሳቁ። ምናሲላ አልሳቀችም።

ኒሳ ጎንበስ ብላ በጆሮው፣ "መቃብርህ ላይ ያልኩህን ልንገርህ?" አለችው። "ለጓደኞቼ 'አባቴን አስታውሰዋለሁ፣ ወደ ላይ እየወረወረ ይቀልበኝ ነበር' እላቸዋለሁ። ውሸቴን ነው። ፊትህን አላውቀውም። ይቅር በለኝ ነው ያልኩህ።"

ሊካስ ጮኸ። እጁ ታስሯል፤ እንባውን መጥረግ እንኳ ሳይችል አፉን ከፍቶ አለቀሰ። ኒሳ በልብሷ ጫፍ ጠረገችለት።

ሴቶቹ እልል እያሉ ተሸክመው ደጃፉን አሻገሩት። ምናሲላ፣ "ስሙንስ ማን አልሽው?" ስትል ልጇን ጠየቀች።

ኒሳ የእንግዳውን ግንባር፣ ሽፋሽፍቱን፣ የተንጋደደውን ጆሮውን ቀስ እያለች በጣቷ ዳሰሰች።

"ቆይ እንጂ፣ እማዬ" አለች። "መጀመሪያ ፊቱን ልወቀው።"