የአውራ ጣት ንስሐ

ገበያነሽ ሰው ፊት አልቅሳ አታውቅም። እንዳለው የሚባለው ልጇ የተቀበረ ዕለት እንኳ አልቃሾቹን «እናንተ ዝም በሉ፤ የሞተው የእኔ ነው» ብላ ያስደነገጠች ሴት ናት። ስለዚህ ከዳባት በላይ ባለችው ደብር ሰው ሁሉ የገረመው፣ ካህኑ ቁርባኑን ይዘው ሲወጡ እሷ ዐሥር ወር ሙሉ ተከናንባ ወደ ኋላ ማለቷ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቁርባን አቋርጣ አታውቅም ነበር። አሁን የልጇ ሙት ዓመት ደርሷል፤ ሳትቆርብ በምን ዓይኗ መቃብሩ ላይ ትቆማለች?

እንዳለው ስሜን ተራራ ጨነቅ ላይ የቱሪስት ጓዝ በበቅሎ የሚጭን ሰው ነበር። ሲመለስ ኬላ ጠባቂዎች «ቁም!» አሉት፤ ቆመ። በቅሎዋ ግን በርግጋ ፈረጠጠች። ያለችው እሷ ብቻ ናትና ተከትሏት ሮጠ። ከኋላው በጥይት መቱት።

ገበያነሽ ከቀብሩ ሁለት ወር ቆይታ ወረዳው ቢሮ ሄዳ «ልጄን በምን ሥልጣናችሁ ገደላችሁት?» አለች። ሹሙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወንበር ስቦላታል። «እማማ፣ የመረጣችሁን እናንተ ናችሁ» አላት። «ሥልጣኑ እናንተ የሰጣችሁን ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጣቷን ታያለች። እውነትም ሰጥታለች። ያን የምርጫ ሰኔ ዝናብ እየደበደባት ተሰልፋ፣ ፊደል ስለማትቆጥር አውራ ጣቷን ቀለም አስነክራ አትማለች። ቀለሙ ጥፍሯ ላይ ሲሰነብት ኮርታበት ነበር።

ሙት ዓመቱ ሳምንት ሲቀረው የነፍስ አባቷ መምሬ መልከ ጼዴቅ ዘንድ ሄደች።

«አባ፣ ንስሐ ይስጡኝ።»

«በምን በደልሽ፣ ልጄ?»

«መርጬ ነበር።»

መምሬ ሳቅ መጣባቸው፤ ፊቷን ሲያዩ ዋጡት። «ይኼማ ኃጢአት አይደለም። እረኛ ቀጥረሽ በግሽን ቢያርደው፣ ጥፋቱ የማን ነው?»

«የእረኛው።»

«እንግዲህስ!»

«እረኛው ሲያርድ ‹ባለቤቷ ሰጥታኝ ነው› አይልማ! ቢልም አባርረዋለሁ። እነዚህን ማን ያባርርልኛል? በእኔ ስም ነው የገደሉብኝ፣ አባ። ወይ ሹሙ ዋሽቷል፣ ወይ እጄ ደም አለበት። ከሁለቱ አንዱን ይንገሩኝና ልሂድ።»

መምሬ የመቋሚያቸውን ጫፍ አፈሩ ውስጥ አዞሩት። ኋላ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው አዩትና፣ «እኔም መርጫለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «በዚህ እጅ ነው ይኼን ሁሉ ወር ስባርክ የኖርሁ። ሹሙ ዋሸ እንዳልልሽ፣ የሰጠነው ምን እንደሆነ እኔም አላውቀው። አልዋሸም እንዳልል ደግሞ፣ እንዳለውን ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ምን ይሻለኛል?»

«አርባ ስገጂ።»

እዚያው ቅጽሩ ውስጥ መስገድ ጀመረች። ጉልበቷ ይንቋቋል። ጥቂት ሰግዳ ትንፋሽ ስትሰበስብ፣ ከኋላዋ ሌላ ጉልበት መሬት ሲነካ ሰማች። ዞራ አላየችም።

በሙት ዓመቱ ቀን ቆረበች። ዝክሩ ተበልቶ ሰው ሲበታተን የእንዳለው አብሮ አደግ ቻላቸው ቀረ። የዘንድሮም ምርጫ መዝጋቢ እሱ ነው፤ መዝገቡን በብብቱ ይዟል።

«እማማ፣ ካርድዎን ልስጥዎ?»

«ንስሐ ገብቼበታለሁ። ተመልሼ አልገባበትም።»

«ባይመርጡም እኮ ይገዙዎታል። ማባረሪያውም ይኸው ካርድ ነው።»

«አንድ ጊዜ ሞክሬው የሆንሁትን አየህ። ይግዙኝ! ውርጩም ይገዛኛል፤ ‹አንቺ ነሽ የጠራሽኝ› ግን ብሎኝ አያውቅም።»

ቻላቸው መዝገቡን አንድ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ተቀመጠ። ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ ሲያለቅስ አየች።

«ምን ሆነህ ነው አንተ? በሕግ አምላክ፣ ወንድ ልጅ!»

«ያን ሰኔ… ጣትዎን ይዤ ያስነከርሁት እኔ ነኝ፣ እማማ።»

ገበያነሽ ረስታው ነበር። አሁን የእጁ ሙቀት ሳይቀር ትዝ አላት፤ «ቀስ ብለው፣ እዚህ ላይ» ሲላት የልጇን ድምፅ ይመስል ነበር። አጠገቡ ተቀመጠች። እንባዋ ወረደ፤ ሰው ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ።

ኋላ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠርጋ ገፋ አደረገችው።

«ተነሥ። መምሬ ሳይሄዱ ድረስባቸው።»