ግማሽ ማንኪያ ጨው

ደባርቅ ላይ ኬሚስትሪ ሳስተምር አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ስኳር ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ሞለኪውሎቹ ሳይፈርሱ እንደሚበታተኑ፣ ጨው ግን ሶዲየምና ክሎራይድ ሆኖ እንደሚለያይ በአምፖል አሳያለሁ። በጨው ውሃ አምፖሉ ይበራል፤ በስኳር ውሃ አይበራም። ትምህርቴን አሳምሬ አውቃለሁ። ተማሪ ሲሳሳት ደግሞ ትዕግሥት የለኝም።

በሰኔ መጨረሻ ታናሽ እህቴ አልጣሽ ከበየዳ ደወለችልኝ። የሁለት ዓመት ልጇን ጥበብን ተቅማጥ ይዟታል። የቀበሌው ጤና ኬላ ባለሙያ ለሥልጠና ወርዳለች፤ የመኪናውን መንገድ ጎርፍ ቆርጦታል።

«ወንድም ዓለም፣ ምን ላድርግላት?»

«አትጨነቂ። አንድ ሊትር ውሃ አፍልተሽ አቀዝቅዢ። ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። እየደጋገምሽ በጥቂት በጥቂቱ አጠጫት።»

ስኳሩ ጨውና ውሃው ወደ ደሟ እንዲገቡ እንደሚረዳ ላብራራላት ስጀምር ኔትወርኩ ተቆረጠ። መልሼ አልደወልኩም። የሚባለውን ሁሉ ያልኩ መስሎኝ የፈተና ወረቀት ማረሜን ቀጠልኩ።

በማግስቱ ስትደውል ድምፅዋ ሌላ ነበር።

«ብትጠጣ ብትጠጣ ጥሟ አልቆርጥላት አለ። አሁንማ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል።»

«ጨውን እንዴት አድርገሽ ሰፈርሽው?»

«ግማሽ ብለኸኝ ነበር። ለልጄ እንዴት በጎደሎ እሰፍራለሁ ብዬ ሞልቼ ከመርኩት።»

እኛ አገር እህል ሲሰፈር ካልተከመረ ሰፋሪው ይታማል፤ እጁ ስስታም ነው ይባላል። እኔም እዚያው ቤት ነው ያደግሁት። ይህን እያወቅሁ «ከግማሽ ማንኪያ እንዳታሳልፊ፣ ሲበዛ ይጎዳታል» ማለት አልታየኝም። የበዛ ጨው ከሕፃን ገላ፣ ከአንጎሏም ሳይቀር፣ ውሃውን ስቦ ያወጣል። ይህንንም በየዓመቱ አስተምራለሁ።

«ድፊው። አሁኑኑ ጤና ጣቢያ አድርሷት።»

የመንደሩ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመዋት ወጡ። ጥበብ ጤና ጣቢያው ሳትደርስ መንገድ ላይ አረፈች።

ከፊሉን በመኪና፣ ከፊሉን በእግሬ ተጉዤ ለቅሶው ቤት የደረስኩት በሦስተኛው ቀን ነው። አልጣሽ እጄን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። ዓይኗ አብጦ ነበር።

«አንተ የተማርክ ነህ፤ አትደብቀኝ። ልጄን የገደልኳት እኔ ነኝ?»

«አይደለሽም። አሰፋፈሩን በወጉ ያልነገርኩሽ እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

እጄን እንደያዘች ቀና አለች።

«ጨው ሲበዛ እንደሚጎዳት ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

እጄን ለቀቀችው። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ ወደ ሴቶቹ ተመለሰች፤ እስክሄድ ድረስም አላናገረችኝም።

ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው፣ ስልኬን አታነሳም። ያመኛል፤ ከእሷ ሌላ እህት የለኝም። ቢሆንም ራሷን ከምትጠላ እኔን ብትጠላ ይሻለኛል።